የአማት ወንበር

ዙልሚራ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቂም በሆዷ ይዛ ኖረች። ቂሙ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ግን ግማሹ በአቢልዮ ላይ፣ ግማሹ በራሷ ላይ ነበር፤ በራሷ ላይ ያለው ደግሞ ይከብድ ነበር።

በፎንቴ ሴካ መንደር ሰው የሚወርሰው መሬት የለም። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ ከድንጋዩ ወዲያ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ባሕር። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ቦታ ነው፤ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ሲደፍቅ ሳርጎ የሚባለው ዓሣ ተጠግቶ የሚበላበት፣ ከገደሉ ግርጌ ያለ የድንጋይ እርከን። ቦታው ስም አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሚወደው ነፋስ አለው። ይህን ሁሉ አባት ለወንድ ልጁ በጆሮው ይነግረዋል። ለሴት ልጅ አይነገርም። ሴት ልጅ ስታገባ የአባቷን ቦታ ይዛ ባዕድ ቤት ትገባለችና። «ቦታ የምታውቅ ሴት የተሰነጠቀ እንስራ ናት» ይላሉ።

አባቷ ሽማግሌው ኩስቶዲዮ አሥራ ሰባት ቦታ ነበራቸው። አሥራ ሰባቱንም ለወንድሟ ለሊዮኔል አሳዩት። ሊዮኔል ገደል ሲያይ ጉልበቱ ቄጠማ የሚሆንበት፣ ዓሣ ሲሸተው የሚያስመልሰው ልጅ ነበር። ዕድሜው ሲደርስ አሥራ ሰባቱን ቦታ በሆዱ እንደያዘ ፈረንሳይ ሄደና ግንበኛ ሆነ።

ዙልሚራስ? ዙልሚራ ዓሣ ታጸዳለች፣ ገመድ ትጠግናለች፣ የሰርዲን ጭንቅላት ከአሸዋና ከፉርሽካ ጋር ወቅጣ ዓሣ የሚባበልበትን ማባበያ ታዘጋጃለች። ከሦስተኛ ክፍል ያስወጧት ለዚሁ ነው። አንድ ሕግ ብቻ አስተምረዋታል፣ እሱንም መንደሩ ውስጥ የማያውቀው ሕፃን የለም፤ የማባበያ ባልዲ የሚታጠበው እታች፣ ባሕሩ ውስጥ ነው። አፋፉ ላይ ከተደፋ ወፍ ይመጣል። ወፍ ከመጣ ሰው ይመጣል።

ማንም ያልነገራትን ግን ከአባቷ ጫማ ላይ አነበበች። ሽማግሌው ማንም እንዳይከተላቸው ዞረው፣ ተጠማዝዘው ነው ቤት የሚገቡት። ጫማቸው ግን መዞርን አያውቅም። ቀይ አፈር ከያዘ፣ ቀይ አፈር ያለው ከአሮጌው የነፋስ ወፍጮ በታች ብቻ ነው። ገመዱ ላይ ጥቁር ዛጎል ከተጣበቀ ማዕበል የሚመታው ቦታ ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ከረጠበ፣ የሚሻገሩት ውሃ አለ። በአሥራ ስድስት ዓመቷ አንድ ማለዳ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻዋን ወረደችና አገኘችው፤ ከገደሉ ተነጥሎ የቆመ አለት፣ አናቱ ላይ መቀመጫ የተቦረቦረለት። ስሙን ሁሉም ያውቃል፣ የት እንዳለ ግን ከአባቷና ከወንድሟ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የአማት ወንበር ይሉታል፣ ሲቀመጡበት ጎን ስለሚወጋ።

ስድስት ዓመት ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከዚያ አቢልዮ መጣ።

አቢልዮ ከተራራው ነው፣ የቡሽ ዛፍ ላጮች ልጅ። ለመረብ ማንሳፈፊያ የሚሆን ቡሽ በበቅሎ ጭኖ እየመጣ ይሸጥ ነበር። የባሕር ዳር ሰው የተራራን ሰው ይንቃል፤ ባሕርን ያየው በሰርዲን ቆርቆሮ ላይ ነው ይለዋል። ሽማግሌው ኩስቶዲዮማ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፣ «ያ ልጣጭ» ነበር የሚሉት። ዙልሚራ ግን ቡሹን ስትመርጥ እጁን አየች፤ እሱም እጁን ስታይ አያት፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ቡሽ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

ወርቅ የላትም፣ ጥሎሽ የላትም። ያላት አንድ ነገር ነበር፣ እሱን ሰጠችው። አንድ ማለዳ እጁን ይዛ አሻገረችውና ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«አማት ሳይኖረኝ ወንበሯን ወረስኩ» አለ አቢልዮ ጎኑን እያሻሸ። ዙልሚራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንደዚያ ስቃ አታውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሳቀችም።

እናቷ በሞተች በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሰባት የከተማ ሰዎች የማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘው ወንበሩ ላይ ተገኙ። አቢልዮ ከእነሱ ጋር አፋፉ ላይ ቆሞ፣ እጁ ሰርዲን እየሸተተ፣ መንደሩ ሁሉ አየው። ሽማግሌው ቤት ገብተው አልጮሁም። ተቀመጡና ለማን እንደነገረች ጠየቋት። ነገረቻቸው። ልጣጩ ለወይን ጠጅ ሸጦታል አሉ፤ የቤታቸውን ዓይን አውጥታ ለውሻ መስጠቷን ነገሯት። ከዚያ የእናቷን ጥቁር ሻርፕ ጭኗ ላይ አኖሩ።

«በእናትሽ መቃብር ማዪልኝ። እኔ ዓይኔን እስክከድን ከዚህ ቤት አትወጪም።»

ማለች። ጥፋተኛ ሰው ምን ምርጫ አለው?

ከአቢልዮ ሦስት ደብዳቤ መጣ። ሁለቱን ሳትከፍት ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ሦስተኛው ላይ እጇ እምቢ አላት፤ እንደታሸገ የጨው ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከጨው ሥር ቀበረችው። ጨው ባነሳች ቁጥር ጣቷ ወረቀቱን ይነካዋል። ሾርባው ጨው በዝቶበታል ይሏታል አባቷ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ።

* * *

የከተማ ሰዎች ወንበሩን ሁለት ክረምት አራቆቱት። በሦስተኛው ክረምት መውረጃው ተናደና ተዉት፤ ቦታው ሞቷል ተባለ። የሽማግሌውም እግር ከዳቸው። በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አፋፉን እያዩ መዋል ጀመሩ። ዙልሚራ ግን በቁጥቋጦ የተሸፈነ ሌላ ስንጥቅ አገኘች፤ በእሱ እየወረደች ብቻዋን ታጠምዳለች። አባቷ ዓሣውን ይበላሉ፣ ከየት እንደመጣ አይጠይቁም። ሴት ልጅ ቦታ ታውቃለች ማለት አይሆንላቸውም።

አርባ አራት ዓመት ሞላት። ከቤት እስከ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት እስከ ባሕር፣ ከባሕር እስከ ቤት፤ ዓለሟ ይኸው ሆነ።

በመከር አቢልዮ ተመለሰ። ሊዝቦን ወደብ ላይ ሸክም ሲያራግፍ የኖረ ሰው ነው፤ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ትከሻው ግን ያው ነው። አላገባም ነበር። አሮጌውን የነፋስ ወፍጮ ተከራየ። ጎረቤቷ ኤርሚኒያ ወሬውን ይዛ እየሮጠች መጣች፣ ልጣጩ መጥቷል፣ ያውም ሽቶ ተቀብቶ አለቻት። ዙልሚራ ድንች መላጧን አላቆመችም። ድንቹ ግን አልቆ ልጣጩ ብቻ እጇ ላይ ቀረ።

ዳቦ ቤት በር ላይ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይላታል። እሷ እንደ አጥር ታልፈዋለች። እሱ ጫማዋን ያያል። ለምን ጫማዋን እንደሚያይ አልገባትም ነበር።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው ሳርጎ አማረኝ አሉ። ዙልሚራ ባሕሩ በሸሸበት ሰዓት ወረደች፣ መሻገሪያውን እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየረጠበች አለፈች፣ አለቱን ዞረች። ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል።

«ተነሥ» አለችው። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ።

«እንደምን አደርሽ ይባላል» አለ አቢልዮ ፊቱን ሳያዞር።

«የአባቴ ቦታ ነው።»

«አባትሽ ሲመጡ እነሣላቸዋለሁ።»

«መውረጃውን ማን አሳየህ?»

«ጫማሽ» አለ። «ቀይ አፈር ይዞ ዳቦ ቤት ይመጣል። ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ፣ ሰው ይዞራል ጫማ አይዞርም ብለሽ።»

እሱ ይሂድ ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ክሯን ወረወረች። እሷ ትሂድ ብሎ እሱም አልተነቃነቀም። ሁለቱም ባሕሩን ከሰዓት ይልቅ ያውቁታል፤ አራት ሰዓት ላይ መሻገሪያው እንደሚዘጋ፣ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል እንደማይከፈት ያውቃሉ። ግን ቀድሞ የተነሣ ተሸነፈ ማለት ነው። ውሃው ድንጋዩን ላሰ፣ ከዚያ ሸፈነው፣ ከዚያ መሻገሪያው ላይ ማዕበል ሰበረ። ዙልሚራ ዘወር ብላ አየችው። በቤት ውስጥ ተዘግታ ኖራለች፤ በመሐላ ውስጥ ተዘግታ ኖራለች፤ ዛሬ ደግሞ ሁለት ሰው በማይችል አለት ላይ፣ ከምትሸሸው ሰው ጋር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አቢልዮ መንጠቆ ሲቋጥር በዓይኗ ጠርዝ አየችው። አስቀያሚ ቋጠሮ ነበር፣ የጫማ ማሰሪያ የመሰለ። ቻለች፣ ቻለች፣ አልቻለችም። ከእጁ ቀምታ ፈታችና በሥርዓቱ ቋጠረችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት ወደብ ላይ ኖሮ ቋጠሮ የማይችል ሰው አላየሁም።»

«የሚቋጥርልኝ አጥቼ ነው።»

ክሩን ወረወረችለት።

ቀትር ላይ ባሕሩ ከበደ። አንድ ማዕበል አለቱን አልፎ ሁለቱንም አጠበ፤ ዙልሚራ እግሯ ከዳት። እጁ ወገቧን ያዘ። ከዚያ የያዘውን ገመድ ወገቧ ላይ አሰረና ጫፉን በራሱ ወገብ ላይ ጠመጠመ። ቋጠሮው አስቀያሚ ነበር። ዙልሚራ አላረመችውም። ዳቦና ቋሊማ ነበረው፣ ግማሹን ሰጣት። እየበላች ሳለ፣ እንባ ይሁን የባሕር ውሃ ራሷም ሳታውቀው፣ የያዘችው ነገር ወጣ።

«ለስንት ብርጭቆ ሸጥከው?»

አቢልዮ ማኘኩን አቆመ። «ምኑን?»

«ወንበሩን። የሰጠሁህን።»

ዞሮ አያት። ዓይኑ ላይ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን ድንጋጤ ነው።

«ደብዳቤዬን አንብበሽ ነው ይህን የምትጠይቂኝ?»

«አላነበብኩትም።»

«ሦስቱንም?»

«ሁለቱን አቃጠልኩ። አንዱ አለ። እንደታሸገ።»

አቢልዮ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲገልጠው ሽማግሌ መስሎ ነበር። አንብባው፣ ሁሉን አውቃ፣ አባቷን የመረጠች መስሎት እንደኖረ ነገራት። ሊዝቦን ውስጥ ስንት ሌሊት «አውቃ ነው፣ አውቃ ነው» ሲል እንዳደረ ነገራት። ምን እንደጻፈ ብትጠይቀው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። በሰው አባት ላይ ያንን በአፌ አልናገርም። ቤትሽ ሂጂና አንብቢው።»

«ባሕሩ ተዘግቷል እኮ» አለች ዙልሚራ፤ ድምፅዋ የሕፃን ሆነባት።

«ዛሬ የተዘጋ መሰለሽ?» አለ አቢልዮ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መሻገሪያው ተከፈተ። ሲነሡ አቢልዮ ባልዲውን ባሕሩ ውስጥ ነክሮ አንዲት ቅርፊት ሳይቀር አጠበው። ከዚያ ገመዱን ፈታላት። ዙልሚራ ወገቧ ላይ ባዶነት ተሰማት፣ እስከ ቤቷ ድረስ።

* * *

ሽማግሌው ለምን እንደቆየች ጠየቁ። ዙልሚራ የጨው ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ወረቀቱ በጨው ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስሄደች፣ ፊደሉን እየቆጠረች አነበበች።

«ዙልሚራ ሆይ፣ ሁለቱን ደብዳቤ አልመለስሽም፣ ይሄ የመጨረሻዬ ነው። ቦታሽን አልሸጥኩም። ያን ቅዳሜ ወፍ እንደ ደመና አፋፉ ላይ ሲወርድ አይቼ ሮጥኩ። አባትሽ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር፣ ባልዲው አጠገባቸው ተደፍቶ። ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ማባበያውን በካፖርቴ እየዛቅሁ አፈር ሳለብስ የከተማ ሰዎች ወፉን ተከትለው ደረሱ። አባትሽ ቁጥቋጦው ውስጥ ተሸሽገው አዩኝ፣ አልተናገሩም። አልፈርድባቸውም፣ ጉልበት ሰውን ይከዳል። እውነቱን ግን ራሳቸው ይንገሩሽ። በመጪው እሑድ ባሕሩ ሲሸሽ ወንበሩ ላይ እጠብቅሻለሁ፤ የአውቶቡስ ቲኬት ሁለት ይዣለሁ። ካልመጣሽ፣ አንብበሽ እንደመረጥሽ አውቃለሁ።»

ያን እሑድ አስታወሰችው። ባሕሩ ከዘጋ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሰሃን ታጥብ ነበር። እሱ እዚያ ታች ተዘግቶ፣ እሷ እዚህ ላይ ተዘግታ።

ወረቀቱን ይዛ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ ያን ቅዳሜ ባልዲውን የት አጠቡት?»

ሽማግሌው የትኛውን ቅዳሜ ብለው አልጠየቁም። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ እንደኖሩ ያኔ ገባት።

«ጉልበቴን አሞኝ ነበር» አሉ አፋፉን እያዩ። «ይዤው መውጣቱን እንጂ ታች ጎንበስ ብዬ ማጠቡን አልቻልኩም። ባልዲው ከበደኝ፣ ደፋሁት። አርባ ዓመት ያጠመድኩ ሰው ነኝ፣ እንደ ሞኝ ደፋሁት።»

«ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር። ሲያስምሉኝ ያውቁ ነበር።»

«እናትሽ ሞታለች። ሊዮኔል ሄዷል።» እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨበጠ። «አንቺም ብትሄጂ ሾርባ ማን ያሞቅልኛል?»

«ለሾርባ ነው?» አለች ዙልሚራ፣ በጣም በዝግታ። «ሃያ ሁለት ዓመት፣ ለሾርባ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ልትጮህ ፈለገች፣ ሰሃኑን ልትሰብር ፈለገች፤ ያየችው ግን ባልዲ የከበደው አንድ ሽማግሌ ነው። ማዘኗ ከቁጣዋ በላይ አናደዳት። ያጠመደችውን ሳርጎ ጠበሰች፣ አጥንቱን አወጣችላቸው፣ አበላቻቸው። ጨው አልነበረውም።

* * *

እሑድ ጠዋት አባቷን አጥባ ንጹሕ ሸሚዝ አለበሰቻቸው። ሾርባውን ምድጃው ላይ ተወች።

«ምሳ ኤርሚኒያ ታቀርብልዎታለች» አለች። «ማታ እመጣለሁ። ነገም እመጣለሁ። በየቀኑ እመጣለሁ፤ የምመጣው ግን ከሌላ ቤት ነው።»

«መሐላሽስ?» አሉ ሽማግሌው።

«የማልኩት ስለ ጥፋቴ ነው። ጥፋቱ የኔ ካልሆነ መሐላውም የኔ አይደለም።»

የእናቷን ሻርፕ አጥፋ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ከዚያ ሌሊቱን የወቀጠችውን ማባበያ ሙሉ ባልዲ አንሥታ ወጣች። ሰው ከቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ዞራ አልሄደችም፣ ተጠማዝዛ አልሄደችም፤ በመንደሩ መሃል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ባልዲውን በግራ እጇ ይዛ ቀጥ ብላ አለፈች። ሴቶቹ አፍንጫቸውን ያዙ። አንዱ ወንድ ምን ሆና ነው አለ።

ከወፍጮው በታች፣ ከአባቷ መስኮት ፊት ለፊት፣ አፋፉ ላይ ቆመችና ባልዲውን ገለበጠችው።

መጀመሪያ አንድ ወፍ መጣ። ዞረ፣ ጮኸ። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ከየገደሉ ሥር እየተነሡ ነጫጭ የባሕር ወፎች ሰማዩን ሞሉት፤ ክንፋቸው ፊቷን እየገረፈ እንደ ደመና አፋፉ ላይ ወረዱ። መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። አባቷ ያያሉ። የሞተ የተባለው ቦታ እዚህ ነው፣ መውረጃው እዚህ ነው፣ የምታውቀውም ሴት ናት። ነጭ ገመድ ስንጥቁ አፍ ላይ ማንም እንዲያየው አሰረችና ወረደች።

መሻገሪያው ላይ ውሃው ጉልበቷ ደርሶ ነበር። ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ያኔ እሱ ጠብቋታል፤ ዛሬ ተራው የእሷ ነው። ውሃው ድንጋዩን ሸፈነ። ወፎቹ ከላይ ይጮኻሉ። ባይመጣስ አለች በልቧ። ባይመጣም እቀመጣለሁ አለች።

ማዕበሉ መሻገሪያው ላይ መስበር ሲጀምር አቢልዮ አለቱን ዞሮ ብቅ አለ። ጫማ የለውም፣ እስከ ወገቡ ርሷል፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ወፎቹን አየሁ» አለ።

«አገሩ ሁሉ አይቷል።»

ከኋላው ባሕሩ ዘጋ። እስከ ማታ የሚከፍተው የለም። ወንበሩ ለሁለት ሰው ይጠባል፣ ጎንም ይወጋል። ዙልሚራ ጠጋ አለችለት።